የጋሽ ጠብታ ዘይት

አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ከውሃ ጋር ሲጣላ የኖረ ሰው ነው። የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ሥራው ከመሬት በታች የሚያፈስ ቧንቧ ያለበትን ቦታ መፈለግ ነው። ቁመቱን የሚያህል የብረት ዘንግ ነበረው። አንዱን ጫፍ አስፋልቱ ላይ ይተክላል፣ ሌላውን ጆሮው ላይ ይለጥፋል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ በጠመኔ መሬቱ ላይ ክብ ይሠራና "እዚህ ጋ ቆፍሩ" ይላል። ይቆፍራሉ፤ ውሃው እዚያው ነው። ባልደረቦቹ አንድም ቀን አልሳተም ይላሉ። እሱ ሐቀኛ ስለሆነ ሁለቴ ስቻለሁ ይላል፤ ሁለቱንም ጊዜ ጉንፋን ይዞት እንደነበር ሳይናገር ግን አያልፍም።

በዚህ ጆሮው ምክንያት "ጋሽ ጠብታ" የሚል ስም ወጣለት። ሥራውን የማያውቁ ሰዎች ደግሞ መንገድ ዳር ተንበርክኮ ዘንግ ሲያዳምጥ ሲያዩት ጆሮ ጠቢ ነው ብለው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። አንዱ ሰውዬማ አጠገቡ ቆሞ ሚስቱን ሲያማ ቆይቶ፣ ዘንጉን ድንገት ሲያየው፣ "ኧረ እኔ ስለ ሌላ ሴት ነው የማወራው" ብሎት ሄዷል። የባሰውን ያወራው እሱ ራሱ መሆኑ መንገድ ላይ ሳይገባው አይቀርም።

አሁን አንድ ነገር ያዙልኝ። ይህ ከአስፋልትና ከአንድ ሜትር አፈር በታች ያለች ጠብታ የሚሰማ ሰው፣ የገዛ ኩሽናው ቧንቧ አሥራ አንድ ዓመት ሲንጠባጠብ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ኖሯል። ጠብ። ጠብ። ጠብ። እናቴ በየሳምንቱ ትነግረዋለች፤ እሱም በየሳምንቱ "ነገ እሠራዋለሁ" ይላል። እማዬ "ነገ" የምትለውን ቃል ከመጥላቷ የተነሳ የአየር ትንበያ ሲመጣ ሬዲዮ ታጠፋለች። በመጨረሻ ድምፁ ራሷን ሲያዞራት አንድ አሮጌ ጨርቅ አራት ቦታ አጥፋ ከቧንቧው ሥር አነጠፈች። ጠብታዋ ጨርቁ ላይ ስታርፍ ድምፅ የላትም። ቤታችን በዚያ ጨርቅ ሰላም አገኘ። "የቧንቧ ሰው ላገባ ነው ብዬ ጓደኞቼ ላይ ተኩራርቼ ነበር" ትላለች እማዬ፣ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም።

እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ። ከቤታችን ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ትንሽ የፀጉር ቤት አለችኝ። ባሌ ፀጥታ እፈልጋለሁ ብሎ ትቶኝ ከሄደ ወዲህ የምኖረው ከወላጆቼ ጋር ነው። ይህን የምናገረው ሁሉንም በዓይኔ እንዳየሁ እንድታውቁ እንጂ ስለ ባሌ ለማውራት አይደለም፤ ስለ እሱ የማወራው ሱቄ ውስጥ ነው።

አባዬ ጡረታ ወጣ። መሥሪያ ቤቱ ዘንጉን በቀይ ሪባን አስሮ በስጦታ ሰጠው። ሰውዬው ዘንጉን ይዞ መጣ፣ በር ጥግ አቆመው፣ መስኮት ሥር ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሦስት ወር አልተነሳም። እርግጥ ለምግብና ለመኝታ ይነሳል። ግን ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ሥራ እንደሚሄድ ሰው ተጣድፎ ይወጣና እዚያች ወንበር ላይ ይቀመጣል። አንድ ቀን "ዛሬ ምን ቀን ነው?" ብሎ በአንድ ከሰዓት ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ማክሰኞ ነው አልኩት፣ ሦስቱንም ጊዜ። ለእማዬ ግን አልነገርኳትም፤ ፈርቼ ነበር።

ከዚያች ወንበር ያስነሳው ዘይት ነው። አንዲት ደንበኛዬ ፀጉሯን ከሠራኋት በኋላ በቤቷ ያዘጋጀችውን አንድ ጠርሙስ የምግብ ዘይት ሰጠችኝ፤ ውስጡ የጥብስ ቅጠል ዝንጣፊ ቆሟል። ቤት አምጥቼ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው አባዬ ከወንበሩ ሆኖ አየው።

"ምንድን ነው?"

"ዘይት ነዋ። ቅጠሉን ትከትበታለች፣ ጥቂት ቀን ይቆያል፣ ሽታውን ይወስዳል። እንቁላል ቢጠበስበት ግሩም ነው አለችኝ።"

"ይኸው ነው? ቅጠል መክተት?"

"ውሃ እንዳይነካው ነው ዋናው። አንዲት ጠብታ ከገባችበት ይበላሻል አለች።"

አባዬ ቀስ ብሎ ተነሳ። ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ አዟዙሮ አየው። "አንዲት ጠብታ?" አለ። ከሦስት ወር በኋላ ፊቱ ላይ ደም ሲመለስ አየሁ። ደስ አለኝ፤ ምን እንደሚከተል ባውቅ ግን ጠርሙሱን ለጎረቤት እሰጠው ነበር።

በማግስቱ ገበያ ሄዶ የጥብስ ቅጠል፣ በሶብላና ጦስኝ በእቅፍ ተሸክሞ መጣ። ቅጠሉን አጠበ፣ አራገፈ፣ በፎጣ እያንዳንዱን እንደ ሕፃን ጠረገ። ስድስት ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ ዘይት ሞላበትና በቡሽ ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። መደርደሪያ ላይ ሲደረድራቸው የእውነት ያምሩ ነበር። "ነገሩ ቀላል ነው" አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ለአባዬ ግን መልቀሚያም አልተረፈው።

በስምንተኛው ቀን የእማዬ ታላቅ ወንድም ምሳ ተጋብዞ መጣ። አጎቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሰው ሰላም ሲል እንኳ በዓይኑ ትከሻውን ይለካል። አባዬ አንዱን ጠርሙስ ጠረጴዛው መሀል አቁሞ ስለ ዘይት ሲያስተምር፣ አጎቴ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ሊያየው ሲል፣ ቡሹ "ጧ!" ብሎ ተፈናጠረና ግንባሩን መታው።

አጎቴ ግንባሩን እየዳበሰ፣ "የተጠራሁት ለምሳ ነው ወይስ ለጦርነት?" አለ።

ከጠርሙሱ ውስጥ አረፋ እየተንፈቀፈቀ ወጣ። ሽታው ሲደርሰን አጎቴ ግንባሩን ትቶ አፍንጫውን ያዘ። አባዬ አንዱን ቅጠል አውጥቶ በጣቱ ሲጨፈልቀው ከውስጡ ውሃ ወጣ። "ላዩን ነው ያደረቅኩት" አለ፣ በመገረም። "ውስጡ ሙሉ ውሃ ነው። ቅጠልም ቧንቧ አለው ለካ!"

"እንግዲህ ጋሽ ጠብታ በቅጠል ቧንቧ ተሸነፈ" አለ አጎቴ። ይህን ወሬ ከሱፍ ልብስ ጋር ጨምሮ ለደንበኞቹ ሁሉ እንደሚያድል ፊቱ ላይ ይታያል።

እማዬ ስድስቱንም ጠርሙስ አስወጥታ አስደፋችው። ከዚያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ፍርዷን ሰጠች። "ስማኝ። ሁለት ዕድል ጨምሬልሃለሁ። እስከ ሦስተኛው እታገሳለሁ። ሦስተኛውም ከተበላሸ ከኩሽናዬ ትወጣለህ፤ ወንበርህ የትም አልሄደችም።"

አባዬ ወንበሯን አየት አደረገ፤ እኔም አየኋት። እማዬን ያሳሰባት ኩሽናዋ ነበር፤ እኔን ግን ያስፈራችኝ ያቺ ወንበር ናት። ማክሰኞን ሦስት ጊዜ የጠየቀኝ ሰው ተመልሶ እንዳይመጣብኝ።

ሁለተኛው ዙር ጦርነት ነበር። አባዬ ኩሽናውን ደረቅ ቀጠና ብሎ አወጀ። እማዬ ድስት የምትከድነው በእሱ ፈቃድ ሆነ። እንፋሎት ሲነሳ መስኮት ይከፍታል፣ ንፋስ ሲገባ አቧራ ብሎ ይዘጋል። እርጥብ የተባለ ነገር ሁሉ ተባረረ፤ ስፖንጁ ወደ በረንዳ፣ መወልወያው ወደ ጓሮ። ከቧንቧው ሥር ያለውን ጨርቅ በሁለት ጣቱ ይዞ አነሳው። "ይህ ምንድን ነው? የእርጥበት ጎተራ!"

"እሱ የአሥራ አንድ ዓመት ሰላሜ ነው" አለች እማዬ።

"ጨርቅ አልፈልግም እዚህ።"

"እንግዲያው ቧንቧውን ሥራዋ!"

"ነገ እሠራዋለሁ።"

እማዬ ማማሰያ ወረወረችበት። ግራኝ ናትና ወደየት እንደምትወረውር አይታወቅም፤ አባዬ ጎንበስ ሲል ማማሰያው ዘንጉን መታው፣ ዘንጉም "ድንንን" አለ። ጨርቁን ግን አልጣለችም፤ አጥባ አድርቃ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ጠብ ጠብ የሚለው ድምፅ ወደ ቤታችን ተመለሰ። አባዬ ግን ቅጠል ማድረቅ ላይ ስለነበር ማንንም የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም።

አደራረቁን ብነግራችሁ ውሸታም ትሉኛላችሁ። የጥብስ ቅጠሉን በልብስ መቆንጠጫ እያያዘ የልብስ ገመዱ ላይ ከካልሲዎቹ ጋር አሰለፈው። ጦስኙን ደግሞ ነጩ የሥራ ጋዎኔ ላይ ዘርግቶ በካውያ ተኮሰው። አረንጓዴ የቅጠል ሥዕል ጀርባዬ ላይ ታትሞ ሳምንት ሠራሁበት፤ ሁለት ደንበኞቼ የት እንደገዛሁት ጠይቀውኛል።

በሶብላው ግን አስቸገረው። አንድ ረቡዕ ጠዋት ሁለት ፌስታል ተሸክሞ ፀጉር ቤቴ ገባ።

"ያ ራስ ላይ የሚደፋው ማድረቂያ ምን ያህል ይሞቃል?" አለኝ፣ ደህና አደርሽ እንኳ ሳይል።

"ካስኩን ነው? ፀጉር እስኪደርቅ ያህል ነዋ።"

"ቅጠልስ?"

"አባዬ፣ ተው። ሰው ፊት ነኝ።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የእማዬን ሰፊ ወንፊት አምጥቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ፣ በሶብላውን ዘረጋ፣ ካስኩን ደፋበት፣ ሰዓቱን አይቶ አጠገቡ ቆመ። በዚህ መሀል ቢጎዲን ተጠቅልላ ተራዋን የምትጠብቅ አንዲት መምህርት ወደ ካስኩ መጣች።

"ማን አለች እዚህ ውስጥ?" ብላ ጎንበስ አለች። ቀና ስትል ፊቷ ተለዋውጧል። "ይቅርታ፣ እኔ ቀጠሮ አለኝ። ይቺስ?"

አባዬ ፈርጠም አለ። "እሷ የተቆረጠችው ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው። አንቺ መቼ ነው የመጣሽው?"

መምህርቷ አርባ ደቂቃ ጠበቀች። ማስተማር የለመደ ሰው ትዕግሥት አለው። ለሳምንት ያህል ያን ካስክ የተጠቀመች ሁሉ በሶብላ በሶብላ ትሸት ነበር፤ መምህርቷም ከምሳ በፊት ያለው ክፍለ ጊዜ ላይ ተማሪዎቿ ሲርባቸው ዋሉ ብላ ከሳኛለች።

ቅጠሉ ግን ደረቀ። በጣት ሲነኩት ኮሽ ይላል። አባዬ የደረቀውን ሁሉ ወንፊቱ ላይ ሰብስቦ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚገባው በእቃ ማጠቢያው በኩል ነው ብሎ ከቧንቧው ጎን፣ መስኮቱ ሥር አሳደረው። በማግስቱ ከአንዱ ጫፍ እያፈሰ ስድስት ጠርሙስ ሞላ፣ ዘይቱን ለብ አድርጎ ጨመረ፣ ከደነ። አሁን እንግዲህ ጥበቃ ነው።

ጥበቃውም እንደ ሰው አልነበረም። ጠዋትና ማታ ዘንጉን ያመጣል፣ አንዱን ጫፍ ጠርሙሱ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ ያደርጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። "ዝም በሉ!" ይላል። እማዬ ቢላዋዋን ሽንኩርቱ ላይ እንደሰነዘረች ትቆማለች። እኔ ዳቦውን ሳላኝከው አፌ ውስጥ እይዘዋለሁ። አንድ ቀን አጎቴ ሲገባ እንዲህ ሆነን አገኘንና ሰው የሞተ መስሎት ኮፍያውን አወለቀ።

በስምንተኛው ቀን አባዬ ዘንጉን ከጆሮው አወረደ። "ይተነፍሳል" አለ።

ከስድስቱ አራቱ ደፍርሰው ነበር። አንገታቸው ላይ ትንንሽ አረፋ ተሰልፏል። ሁለቱ ጥርት ያሉ ናቸው፤ ግን አራቱ ከተበላሹ ሁለቱን ማን ያምናቸዋል? አባዬ ስድስቱንም ራሱ ተሸክሞ አወጣቸው። ከዚያ ገብቶ እጁን ታጠበ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ እስከ ምሽት መንገዱን ሲያይ ዋለ።

ከሱቅ ስመለስ አጠገቡ ተቀመጥኩ። "ዛሬ ምን ቀን ነው?" አለኝ። ሐሙስ ነው አልኩት። "ሐሙስ" አለ፣ እንደማያውቀው ሰው ስም። እማዬም ሰምታዋለች መሰለኝ፤ ኩሽና ውስጥ የሳህኑ መንቋቋት ድንገት ቀጥ አለ።

ራት ላይ እሷው ናት የጀመረችው። "ሦስተኛው ይቀርሃል እኮ" አለችው፣ ድስቱን እያየች። ኩሽናዬን ልቀቅ ስትል የኖረች ሴትዮ ናት እንግዲህ!

"ለምን ብዬ? ቅጠሉ ደርቋል፣ ጠርሙሱ ደርቋል፣ ዘይቱ ንጹሕ ነው። ውሃው ከየት እንደሚመጣ አላውቅም።"

"አላውቅም? ሠላሳ አንድ ዓመት ደሞዝ የተከፈለህ ከየት እንደሚመጣ እንድታውቅ አይደል?"

አባዬ ቀና አለ። ይህ ነገር እንደነካው ገባኝ።

በማግስቱ ሥራ እንደሚሄድ ሰው ለበሰ። የድሮውን ሰማያዊ ቱታ አወጣ፤ ሆዱ ላይ አልቆለፍ አለው እንጂ ያምርበታል። ጠመኔ ኪሱ ከተተ፣ ዘንጉን አነሳ። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ብሎ ኩሽና ገባ። እማዬና እኔ በሩ ላይ ቆምን።

የወንፊቱ ቦታ ላይ አሮጌ ጋዜጣ ዘረጋ። ከዚያ በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ዘንጉን መደርደሪያው ላይ ተከለ። ዓይኑን ጨፈነ። ከመደርደሪያው ጫፍ ጀምሮ ስንዝር በስንዝር እየሄደ ያዳምጣል፤ ያልጣመው ቦታ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። ከምድጃው አለፈ። ከእቃ ሳጥኑ አለፈ። ወንፊቱ የነበረበት ቦታ ሲደርስ ዘገየ። ወደ ማጠቢያው ሄደ። ቆመ። ዓይኑን ሳይገልጥ እጁን ዘርግቶ የቧንቧው ዙሪያ ግድግዳው ላይ ክብ ሠራ።

"እዚህ ጋ ቆፍሩ" አለች እማዬ፣ በለሆሳስ።

ሁላችንም ወደ ጋዜጣው አየን። ወደ ማጠቢያው ያለው ጎኑ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆኗል። ጨርቁ ሳለ ጠብታዋ ድምፅ ሳታሰማ ትሰምጥ ነበር። ጨርቁን ሲያነሳው ጠብታዋ ብረቱ ላይ እየወደቀች ትፈናጠርና፣ ፍንጥርጣሪዋ የደረቀው ቅጠል ላይ ታርፍ ኖሯል። የተበላሹት አራቱ ጠርሙሶች ከወንፊቱ የቧንቧ ጎን የተሞሉት ናቸው። ውሃን ሊያባርር ብሎ የውሃን ልጓም የፈታው እሱ ራሱ ነው።

እኔ ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነከስኩ። እማዬ ግን አልሳቀችም፤ ትንፋሿን ሳበች። አሥራ አንድ ዓመት ያጠራቀመችው ነገር ሁሉ ጉሮሮዋ ላይ ደርሷል፤ ዘንድሮ ጎርፍ ነው ብዬ ከመሀል ዘወር አልኩ።

"ሰምቻት ነበር" አለ አባዬ።

"ምኑን?"

"ይቺን ጠብታ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስሰማት ነበር። ከመኝታ ቤት ሆኜ እሰማታለሁ። ጨርቁ ላይ ስታርፍ እንኳ እሰማታለሁ።" ዘንጉን ጉልበቱ ላይ አጋደመው። "መጀመሪያ ስንፍና ነበር፤ አልዋሽም። ቀኑን ሙሉ የሰው ቧንቧ ሳሳድድ ውዬ ቤቴ ስገባ እጄ እምቢ ይለኛል። ጡረታ የወጣሁ ማግስት ግን ልሠራት መፍቻ አንስቼ ነበር።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ አሰብኩት። ከተማውን በሙሉ ለሌላ ሰው አስረክቤያለሁ። የምታፈስልኝ ይቺ ብቻ ናት የቀረችኝ። እሷን ከሠራኋት በኋላ የምን ጋሽ ጠብታ ነኝ?"

እማዬ አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ከዚያ ዘጋችው። አሥራ አንድ ዓመት የተጠራቀመ ንግግር ሲዋጥ በዓይኔ አየሁ፤ ቀላል ጉርሻ አልነበረም። ወደ እሱ ሄዳ የቱታውን ያልተቆለፈ ቁልፍ በከንቱ ለመቆለፍ ታገለች።

"ተነስ እስቲ" አለችው ቀስ ብላ። "ዘይትህ ይበላሽብሃል።"

አራት ደቂቃ ፈጀበት። ቧንቧውን ፈታ፣ ያለቀችውን የላስቲክ ቀለበት አውጥቶ አዲስ አስገባ፣ አጠበቀ። አራት ደቂቃ! እማዬ የግድግዳውን ሰዓት ሦስት ጊዜ አየችው። ያቺን የላስቲክ ቀለበት ተቀብላ መዳፏ ላይ አገላበጠቻት፤ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ናት።

ሦስተኛው ዙር ተሠራ። ለካስኩ ሲል መምህርቷን ቀደም ብሎ አስፈቀዳት፤ እሷም አንድ ጠርሙስ ይደርሰኛል ብላ ተስማማች። በስምንተኛው ቀን አባዬ ስድስቱንም በዘንጉ አዳመጣቸው። ረጅም ጊዜ ወሰደ። እማዬ ቢላዋዋን እንደሰነዘረች ቆማ ቀረች።

"ጸጥ ብለዋል" አለ በመጨረሻ።

እውነትም ዘይቱ የመስኮት መስታወት ይመስል ጥርት ብሏል። አጎቴ ለምሳ ሲጠራ የድስት ክዳን ግንባሩ ላይ ደፍቶ ነው የገባው። ጠርሙሱ ሲከፈት ምንም ስላልጮኸ ክዳኑን አውርዶ እንቁላል ቀመሰ። ደገመ። የእኔንም ሳህን ሳበ። "ሱፍ በነፃ እሰፋልሃለሁ፣ ሁለት ጠርሙስ ስጠኝ" አለ። እማዬም እስከ ረፋድ አራት ሰዓት ኩሽናው የአንተ ነው ብላ ፈረመችለት።

አባዬ ደስ ብሎታል። ግን ስትመለከቱት ዓይኑ ወደ ቧንቧው ትሄዳለች። አለፍ ሲል እጁን ከሥሩ ዘርግቶ ይጠብቃል፤ ምንም አይወርድም። እጁን ደረቅ እንደሆነ ኪሱ ይከተዋል። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ድንች ትልጣለች፣ እኔ ጥፍሬን እሞርዳለሁ፣ አባዬ ጠርሙስ ላይ ወረቀት ይለጥፋል። ከመታጠቢያ ቤት በኩል ድምፅ መጣ። ጠብ። ጠብ።

አባዬ ቀጥ አለ። "ሰማችሁ?"

"እኔ ምንም አልሰማሁም" አለች እማዬ፣ ድንቹን እያጣደፈች።

መታጠቢያ ቤቱ ሦስት እርምጃ ነው፤ አባዬ ግን ዘንጉን ይዞ ሄደ። እኔ ወደ እማዬ ሽርጥ አየሁ። ኪሱ እስከ ጉልበቷ ተንጠልጥሎ የመፍቻ አናት ብቅ ብሏል።

"እማዬ።"

"አቤት።"

"ኪስሽ ውስጥ ምንድን ነው?"

"ድንች መላጫ።"

"ድንቹን እየላጥሽበት ያለሽውስ?"

"አንቺ ልጅ፣ ቧንቧ ያረጃል፣ ይላላል፣ ያለ ነገር ነው። አባትሽ እንዳይሰማ!"

ተነስቼ ሄድኩ። አባዬ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ ዘንጉን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ብሏል።

"ምን አገኘህ?"

"ብሎኑ ላልቷል።"

"በራሱ?"

አንድ ዓይኑን ከፈተ። "በራሱ የላላ ብሎን አይጫጫርም። በግራ እጅ ነው የተፈታው፤ ተቻኩላ ስለነበር ደግሞ መፍቻው ሁለቴ አምልጧታል።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እንዳወቅኩ ለእናትሽ እንዳትነግሪ።"

ወጥቶ እጁን እየጠረገ ኩሽናው በር ላይ ቆመ። ጉሮሮውን ጠራረገ። "ይቺኛዋ ቀላል አይደለችም" አለ። "ጊዜ ትፈልጋለች። ነገ እሠራታለሁ።"

እማዬ ከድንቹ ቀና ሳትል፣ "ምን ያስቸኩልሃል?" አለችው።

ከዚያ መሳቢያውን ከፍታ አሮጌውን ጨርቅ አወጣች፣ አራት ቦታ አጠፈችው፣ ሰጠችኝ። እኔም ወስጄ ከጠብታዋ ሥር አነጠፍኩት።